አንድ ፍንጭ፣ ሁለት መንገድ፦ ስለ ስውር መስቀለኛ ቃላት የአንባብያን ጥያቄና የዓምዱ መልስ

ባለፈው እትማችን በእንግሊዝ ጋዜጦች ላይ ስለሚወጣው፣ ፍንጮቹ አንድ ነገር እየመሰሉ ሌላ ነገር ስለሚሉት ስውር መስቀለኛ ቃላት አጭር ማስታወሻ አውጥተን ነበር። በዚያ ማስታወሻ ጨዋታውን ሕጉን ያወቀ ሁሉ ሊፈታው እንደሚችል ጽፈን ስለነበር፣ «ታዲያ ሕጉ ምንድን ነው?» የሚሉ ደብዳቤዎች ከአገር ውስጥም ከውጭም ደርሰውናል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን፣ ለተመረጡት እንደ ጥያቄያቸው ስፋት ከዚህ በታች መልስ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ በለንደን በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። ከምንከባከባቸው አዛውንት አንዱ በየማለዳው ጋዜጣቸውን ይዘው መስቀለኛ ቃላት ይፈታሉ፤ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ለማገዝ እሞክራለሁ። የእንግሊዝኛ ቃላቱን ትርጉም አውቃለሁ፣ ዓረፍተ ነገሩም ይገባኛል፤ መልሱ ሲነገረኝ ግን ከገባኝ ነገር ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ይህ ነገር እንዴት ነው የሚነበበው?

መልስ፦ ዓረፍተ ነገሩ በቀጥታ መግባቱ ራሱ እንቅፋት ሆኖብዎታል። ፍንጭ አዘጋጁ ቃላቱን የሚያሰካካቸው አንባቢው አንድ ሥዕል በዓይነ ሕሊናው እንዲያይ አድርጎ ነው፤ ያ ሥዕል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመልሱ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ዓረፍተ ነገሩ የሚተርከውን ነገር ትቶ፣ እያንዳንዱ ቃል ምን ሥራ እንደተሰጠው መጠየቅ ነው። ነጥብና ነጠላ ሰረዝም እዚህ ላይ አይታመኑም፤ ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት ዓይንን ለማሳሳት ነው።

በሚገባ የተሠራ ስውር ፍንጭ መልሱን ሁለት ጊዜ ይሰጣል። አንደኛው መንገድ ፍቺ ነው፤ ይህም በማንኛውም ተራ መስቀለኛ ቃላት ውስጥ እንደምናገኘው ያለ ቀጥተኛ ትርጉም ሲሆን፣ የሚገኘው ከፍንጩ መጀመሪያ ወይም ከፍንጩ መጨረሻ ላይ ነው እንጂ ከመካከል አይደለም። ሁለተኛው መንገድ የቃል ጨዋታ ነው፤ ይህ የመልሱን ፊደላት ከየት ቆርጦ፣ ከየት ቀጥሎ፣ ምን ላይ ገልብጦ ማግኘት እንደሚቻል የሚናገር ትእዛዝ ነው። ሁለቱ መንገዶች አንድ ቃል ላይ ሲገናኙ ፈቺው መልሱን ማግኘቱን ማንንም ሳይጠይቅ ያውቃል። በቅንፍ የሚቀመጠው ቁጥር መልሱ ስንት ፊደል እንደሆነ ያመለክታል።

አሠራሩ በእጅ እንዲዳሰስ በራሳችን ፊደል የተዘጋጁ ምሳሌዎችን ልስጥዎ። «ጠንካራው የሞንጎል ገዥ ተልጦ የሚበላ ነው (5)» የሚል ፍንጭ ቢቀርብልዎ፣ መጀመሪያ የሚታይዎ የአንድ ጨካኝ ንጉሥ አሟሟት ነው። እርሱን ይርሱትና ቃላቱን ይከፋፍሏቸው። «ጠንካራ» ማለት ብርቱ ነው፤ የሞንጎል ገዥ ደግሞ ካን ይባላል፤ ሁለቱን ቢቀጥሏቸው ብርቱካን ይሆናሉ። ብርቱካን ተልጦ የሚበላ ፍሬ ስለሆነ ፍቺው ከመጨረሻው ላይ ተገኘ ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ ቃልን ከቃል ጋር የመቀጠል ስልት ከሁሉም ቀላሉ ነው።

ሌላው ስልት ፊደላትን ማዘበራረቅ ነው። «ሲደራ ግራ የተጋባ ድርሰት ጻፊ (3)» በሚለው ውስጥ «ግራ የተጋባ» የሚለው ሐረግ ስለ ጸሐፊው የሚናገር ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ከእርሱ በፊት የቆመውን «ሲደራ» የሚለውን ቃል ፊደላት አዘበራርቅ የሚል ትእዛዝ ነው፤ ሲዘበራረቅም ደራሲ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ቃል አመልካች ልንለው እንችላለን። በእንግሊዝኛው ጨዋታ መሰበርን፣ መስከርን፣ መታመስን፣ መጠገንን፣ መጨፈርን የሚናገር ቃል ሁሉ የማዘበራረቅ አመልካች ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ ለዚህ ስልት ምን ያህል እንደሚመች ለማየት፣ ማዳመጥ ማለት የሆነው «ሊስን» እና ዝምተኛ ማለት የሆነው «ሳይለንት» ሲጻፉ ያንኑ ስድስት ፊደል በተለያየ ተራ የያዙ መሆናቸውን ማስተዋል ይበቃል።

የመደበቅ ስልትም አለ። «በአማርኛ ውስጥ ያለ ጣፋጭ (2)» ቢባል፣ አማርኛ የሚለው ቃል ሆዱ ውስጥ ማር ይዟል። የመገልበጥ ስልት ሲሆን ደግሞ «ማሳ ሲገለበጥ የሚለበልብ ቅጠል (2)» ይባላል፤ አንባቢው ሞፈርና ቀንበር ያያል፣ ፈቺው ግን ማሳ የሚለውን ቃል ከኋላ ወደ ፊት አንብቦ ሳማ ያገኛል። የማቀፍ ስልት «አባ የበረከትን መጀመሪያ ሲያቅፉ የሚፈካ (3)» በሚለው ውስጥ ይታያል፤ የበረከት መጀመሪያ «በ» ነው፤ አባ የሚለው ቃል ይህን ፊደል በመካከሉ ሲይዝ አበባ ይሆናል። ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ያሉ ፍንጮች እነዚህን ስልቶች ያዳቅላሉ። «ላባ ተገልብጦ ከየዋህ ጋር ሲኖር የገጠር ሰው (4)» የሚለው ላባን ወደ ባላ ገልብጦ፣ የዋህን በገር ተክቶ፣ ባላገር የሚል መልስ ላይ ያደርሳል።

ለእርስዎ ከዚህ በተጨማሪ አንድ ነገር ያስፈልግዎታል፤ እርሱም በእንግሊዞቹ ጨዋታ ውስጥ በልማድ የጸኑት አጫጭር ምትኮች ናቸው። ሐኪም ሲባል ብዙ ጊዜ «ዲ» እና «አር» የሚሉት ሁለት ፊደላት ናቸው። ፍቅር ሲባል «ኦ» ነው፤ በቴኒስ ጨዋታ ዜሮ ነጥብ በዚያ ቃል ስለሚጠራ ነው። ተማሪ «ኤል» ነው፤ መንጃ ፈቃድ ያላገኘ ለማጅ መኪናው ላይ የሚለጥፈው ምልክት ይህ ፊደል ስለሆነ ነው። ጸጥታ ከሙዚቃ ምልክት ተወስዶ «ፒ» ይሆናል፤ አምሳ፣ መቶ፣ አምስት መቶና ሺህ ደግሞ የሮማውያን ቁጥሮች ናቸው። ሠራተኛ ከተባለ ጉንዳንን ወይም ንብን ያስቡ። አበባ ማለት የሆነው «ፍላወር» ከሁሉም ይልቅ ጀማሪን ያሳስታል፤ «ፍሎው» ማለት መፍሰስ ስለሆነ፣ አዘጋጆቹ ቃሉን የሚፈስ ነገር ማለትም ወንዝ አድርገው ይጠቀሙበታል። እነዚህን ከአዛውንቱ ጋር እየተቀመጡ ቢመዘግቧቸው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደጋግመው ሲመጡ ያገኟቸዋል። መለማመጃም ከፈለጉ «ዘ ታይምስ» እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለጀማሪዎች የሚያወጣው፣ በየጎኑ 13 ሳጥን ብቻ ያለው አነስ ያለ ሰንጠረዥ አለ፤ የተለመደው 15 በ15 ነው።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። በእንግሊዞቹ መስቀለኛ ቃላት ውስጥ ከግጥምና ከተውኔት የተወሰዱ ጥቅሶች ብዙ እንደሆኑ አንብቤአለሁ። ሼክስፒርንና ዲክንስን ጠንቅቆ ያላነበበ ሰው ይህን ጨዋታ መፍታት ይችላል? ሥነ ጽሑፍስ ወደ ጋዜጣ ጨዋታ ውስጥ እንዴት ገባ?

መልስ፦ የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ የመጀመሪያውንም ያቀልልናል። መስቀለኛ ቃላትን ዛሬ በምናውቀው መልክ የጀመረው በሊቨርፑል ተወልዶ ወደ አሜሪካ የሄደው አርተር ዊን ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሰንጠረዥ «ኒው ዮርክ ወርልድ» በተባለው ጋዜጣ ላይ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 ወጣ። ያኔ ፍንጮቹ ተራ ፍቺዎች ነበሩ። ጨዋታው በ1920ዎቹ አትላንቲክን ተሻግሮ እንግሊዝ ሲደርስ ግን በገጣሚዎች፣ በተርጓሚዎችና በጥንታዊ ቋንቋ መምህራን እጅ ወደቀ፤ መልኩ የተለወጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከእነዚህ ሰዎች ቀዳሚው ኤድዋርድ ፖዊስ ማዘርስ ነው። የምሥራቅ አገሮችን ግጥሞችና የሺህ አንድ ሌሊት ተረቶችን ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመ ሰው ሲሆን፣ «ቶርኬማዳ» በሚል የብዕር ስም እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1939 ድረስ ለ«ኦብዘርቨር» ጋዜጣ ፍንጮችን አዘጋጀ። አንዳንድ ሰንጠረዦቹ ፍንጮቻቸው በሙሉ በግጥም የተጻፉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1934 ደግሞ ገጾቹ ሆን ተብሎ ተዘበራርቀው የታተሙ፣ 100 ገጽ ያለው የወንጀል ልብ ወለድ አሳተመ፤ አንባቢው ገጾቹን በትክክለኛ ተራቸው ደርድሮ ስድስት ገዳዮችንና ስድስት ሟቾችን እንዲለይ ይጠየቅ ነበር። «ዘ ታይምስ» እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1930 የራሱን መስቀለኛ ቃላት ሲጀምርም ሥራው የተሰጠው ለባለሙያ አልነበረም፤ በእርሻ የሚተዳደርና ስለ ገጠር ሕይወት የሚጽፍ ኤድሪያን ቤል የተባለ የ28 ዓመት ደራሲ ነበር። ከዚያ በፊት አንድም ሰንጠረዥ አዘጋጅቶ የማያውቀው ይህ ሰው በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ አዘጋጅቷል።

በዚያ ዘመን ፍንጮቹ በእውነት ከባድ ነበሩ። አንድ ቃል የጎደለበት የግጥም ስንኝ ይቀርባል፤ ስንኙን ያጠና ሰው ይሞላዋል፣ ያላጠና ደግሞ ምንም መውጫ የለውም። ይህን ኢፍትሐዊነት አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ «አፍሪት» የሚል የብዕር ስም የነበረው ኤ. ኤፍ. ሪቺ ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ያሰፈረው ሕግ እስከ ዛሬ የጨዋታው መሠረት ሆኖ ቆይቷል፤ አሳቡም አዘጋጅ የሚናገረውን ማለቱ ግዴታ ባይሆንም ማለት የፈለገውን ግን መናገር አለበት የሚል ነው። ከቶርኬማዳ በኋላ ቦታውን የወረሰውና «ዚመኒስ» የተባለው የላቲንና የግሪክ መምህር ዴሪክ ማክነት ይህንኑ አሳብ እ.ኤ.አ. በ1966 በታተመ መጽሐፉ አስፋፍቶ፣ እያንዳንዱ የፍንጭ ቃል ሥራ ሊኖረው እንደሚገባ፣ ትርፍ ቃልም እንደማይፈቀድ ደነገገ። በነገራችን ላይ ቶርኬማዳና ዚመኒስ የስፔን የእምነት መርማሪ ሹማምንት ስሞች ናቸው፤ ሦስተኛው ተተኪም ዴዛ የተባለውን መርማሪ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ገልብጦ «አዜድ» ብሎ ተሰየመ።

ወደ ጥያቄዎ ስንመለስ፣ ዛሬ ጥሩ አዘጋጅ የሥነ ጽሑፍ ዕውቀትን ብቸኛ በር አያደርገውም። መልሱ በኦቴሎ ተውኔት ውስጥ ያለው ኢያጎ ቢሆን እንኳ፣ ተውኔቱን ያላየ ሰው ፊደላቱን ከቃል ጨዋታው ለቅሞ እንዲደርስበት መንገድ ይተውለታል። ይሁን እንጂ ጥቂት ስሞች ከተጫዋቹ ኪስ ሊጠፉ አይገባም። የወግ ጸሐፊው ቻርልስ ላም የብዕር ስም «ኢሊያ»፣ የዲክንስ የወጣትነት የብዕር ስም «ቦዝ»፣ ከሼክስፒር ተውኔቶች ደግሞ ንጉሥ ሊር፣ ኤሪየል፣ ፓክ፤ እነዚህ አጫጭርና አብዛኞቹ አናባቢ የበዛባቸው ስለሆኑ ሰንጠረዡ ራሱ ይፈልጋቸዋል።

ሥነ ጽሑፍና ጨዋታው አብረው ከፍታ ላይ የደረሱት ግን፣ በእኔ ግምት፣ «አራውካሪያ» በሚል ስም ለ«ጋርዲያን» ያዘጋጁ በነበሩት በቄስ ጆን ግራሃም እጅ ነው። መልአኩ በልደት ቀን ያሰማውን ዝማሬ የሚያስታውስ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር አቅርበው፣ ፊደላቱ ሲዘበራረቁ በሌሊት መንጋቸውን ስለሚጠብቁ እረኞች የሚናገረው የሌላ የገና መዝሙር የመጀመሪያ ሁለት መስመሮች እንዲወጡ አድርገዋል፤ አንድም ፊደል ሳይተርፍና ሳይጎድል። እኒሁ ሰው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2013፣ በ91 ዓመታቸው፣ ካንሰር እንደያዛቸው ለአንባቢዎቻቸው ያስታወቁት በአንድ ሰንጠረዥ መልሶች ውስጥ ነበር፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ ዐረፉ። ስንት ሺህ ሰው ያንን ዜና ፊደል በፊደል በገዛ እጁ እየጻፈ እንደተረዳው ሳስብ፣ ይህ ጨዋታ በአዘጋጅና በፈቺ መካከል ያለውን ቅርበት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላገኝም።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ነዋሪ ነኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ምስጢር ፈቺዎችን በመስቀለኛ ቃላት ውድድር መለመሉ የሚባለው እውነት ነው ወይስ ተረት?

መልስ፦ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1942 «ዴይሊ ቴሌግራፍ» ሰንጠረዡን ከ12 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መፍታት እንችላለን የሚሉ አንባቢዎችን በለንደን ቢሮው ሰብስቦ አወዳደረ። ከተሳካላቸው ለአንዳንዶቹ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ከጦር መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ወደ ብሌችሊ ፓርክ ሄደው የጠላትን ምስጢራዊ መልእክት ከሚፈቱት ጋርም ተቀላቀሉ።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው እ.ኤ.አ. በ1944 የሆነው ነው። የኖርማንዲ ወረራ በተቃረበባቸው ሳምንታት በዚያው ጋዜጣ ሰንጠረዦች ውስጥ «ዩታ»፣ «ኦማሃ»፣ «ኦቨርሎርድ»፣ «መልቤሪ» እና «ኔፕቹን» የሚሉ መልሶች ተከታትለው ወጡ፤ ሁሉም የወረራው ምስጢራዊ መጠሪያዎች ነበሩ። የደኅንነት ሰዎች አዘጋጁን፣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የነበረውን ሌነርድ ዶውን፣ መርምረው ጥፋት ስላላገኙበት ለቀቁት። ከ40 ዓመት በኋላ አንድ የቀድሞ ተማሪው፣ ርእሰ መምህሩ ባዶ ሰንጠረዥ ለልጆች እየሰጠ ቃላት ያስሞላ እንደነበር፣ እርሱም በአቅራቢያው ከሰፈሩ ወታደሮች የሰማቸውን ቃላት እንዳስገባ ተናግሯል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ማርቆስ መምህር ነኝ፤ በልጅነቴ ለጥቂት ዓመታት የቅኔ ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር። ያወጣችሁትን ማስታወሻ ሳነብ «ይህማ የእኛው ሰምና ወርቅ ነው» ብያለሁ። ከሰምና ወርቅ በምን ይለያል? በአማርኛስ እንዲህ ያለ መስቀለኛ ቃላት ማዘጋጀት ለምን አልተለመደም?

መልስ፦ መምህር፣ ጥያቄዎ የዚህ ዓምድ ልብ ላይ የሚያርፍ ነው። ዝምድናው አለ፤ ልዩነቱ ግን ከዝምድናው አያንስም፤ ሁለቱን ጥበባት ሳያደባልቁ ማክበር የሚቻለውም ልዩነቱን በማወቅ ይመስለኛል።

አንድ ቃል ወስደን በሁለቱም መንገድ እንሞክረው። «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ መንሳፈፍና መቅዘፍ ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ ወለድ የሚታሰብበት መነሻ ገንዘብ ነው። በወል ቤት ብንቀኝበት፣

ወንዙን ለመሻገር ተመኘሁ በብርቱ፤
ዋና የሌለው ሰው ይቀራል ከቤቱ።

ሰሙ መዋኘት የማይችል ሰው ወንዝ ዳር መቅረቱ ነው፤ ወርቁ መነሻ ገንዘብ የሌለው ሰው ከዕድሉ ማዶ መቅረቱ ነው። እዚህ ላይ ሰሙ ሐሰት አይደለም። ወርቁ ከተገኘ በኋላም ወንዙ ከፊታችን አይጠፋም፤ የድህነቱ ምሬት የሚሰማን ወንዙ ስላለ ነው። ባለ ቅኔው ሁለቱንም አስቦ ተናግሯል፣ ሰሚውም ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል።

ያንኑ ቃል በስውር ፍንጭ ስናቀርበው «ወለድ የሚታሰብበት ወንዝ መሻገሪያ (2)» እንላለን። ይህ ሁለት ፍቺ ጎን ለጎን የቆመበት ስልት ነው፤ «ወለድ የሚታሰብበት» አንዱ፣ «ወንዝ መሻገሪያ» ሌላው። ሲነበብ ስለ አንድ የሚያስከፍል ድልድይ የሚናገር ይመስላል፤ ያ ድልድይ ግን የትም የለም። መልሱ እንደተገኘ የላይኛው ታሪክ ይጣላል። ስለዚህ በቅኔ ሽፋኑ የትርጉሙ ግማሽ ሲሆን፣ በስውር ፍንጭ ሽፋኑ መሸፈኛ ብቻ ነው። ቅኔ ከአንድ በላይ ወርቅ ሊወጣለት፣ መምህራንም ሊከራከሩበት ይችላሉ፤ ፍንጭ ግን አንድ መልስ ብቻ ከሌለው ተበላሽቷል።

ሁለቱ በጣም የሚቀራረቡበት አንድ ዓይነት አለ፤ እርሱም ፍንጩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ፍቺም የቃል ጨዋታም የሚሆንበት ነው። እንግሊዞቹ የጥበቡ ጫፍ አድርገው ያዩታል። «ከደመና ውስጥ የወጣ የእስራኤላውያን ምግብ (2)» ብንል፣ ደመና የሚለው ቃል በውስጡ መና ይዟል፤ በመዝሙረ ዳዊትም ደመና ታዞ መና እንደዘነበ ተጽፏል። ላይኛውም ታችኛውም እውነት ሲሆን፣ ያኔ የቅኔ ቤት ልጅ ቤቱ የገባ ያህል ይሰማዋል።

በአማርኛ ለምን አልተለመደም ላሉት፣ የጋዜጦቻችን መስቀለኛ ቃላት አግድምና ቁልቁል ተብሎ በተራ ፍቺ የሚሠራ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ስውሩን ለማዘጋጀት ፊደላችን ራሱ ስጦታም ፈተናም ያቀርባል። እንግሊዝኛ 26 ፊደላት ሲኖሩት፣ የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሰባት ዝርዝር 231 ይሆናሉ። አግድምና ቁልቁል የሚሄዱ ቃላት በአንድ ሳጥን ላይ ሲገናኙ «ለ» እና «ላ» መጋጠም ስለማይችሉ፣ ሰንጠረዡን መሙላት ለአዘጋጁ እጅግ ይከብዳል። ለፈቺው ግን አንዲት የተገኘች ፊደል ከእንግሊዝኛዋ የበለጠ ትናገራለች፤ ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዛ ትመጣለችና። ቃሎቻችንም ሲጻፉ አጫጭር ስለሆኑ፣ ሦስትና አራት ፊደል ያለው መልስ የሚበዛበት ትንሽ ሰንጠረዥ ይስማማናል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሞክሼ ፊደላት ናቸው። «ሲሰማ ማጣት የሚመስል መዳን (4)» የሚለው ፍንጭ ድኅነት የሚል መልስ አለው፤ ሲሰማ ከድህነት አይለይምና። ነገር ግን ይህ ፍንጭ የሚቆመው የ«ኅ» እና የ«ህ» ልዩነት በሚከበርበት ሰንጠረዥ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ አዘጋጁ ከሰንጠረዡ በላይ ሞክሼዎችን እንደሚለይ ወይም እንደሚያመሳስል አስቀድሞ ሊያስታውቅ ይገባዋል። እኔ መለየቱን እመርጣለሁ፤ ጨዋታው ለፊደል ጥንቃቄ ልምምድ ይሆናልና። መጥበቅና መላላት በጽሕፈታችን ያለመታየቱ ደግሞ ለአዘጋጅ ያለ ድካም የተሰጠ ሀብት ነው፤ «አለ» የሚለውን ብቻ ቢወስዱት፣ ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው። እንግሊዝኛ መስተዋድዱን ለብቻው ስለሚጽፈው፣ አዘጋጁ የሚዘበራረቀውን ቃል ንጹሕ አድርጎ ማቅረብ ይችላል። በአማርኛ «በ»፣ «ከ»፣ «የ» እና «ለ» ከቃሉ ጋር ይጣበቃሉ። «የበረከትን መጀመሪያ» ስንል «የ» እና «ን» እንደማይቆጠሩ ፈቺውና አዘጋጁ ካልተስማሙ፣ መጀመሪያው «የ» ነው የሚል ሰው ትክክል ይሆናል። እኔ የምመክረው ደንብ፣ ከፊት የሚጣበቅ መስተዋድድና ከኋላ የሚጣበቅ የተሳቢ «ን» እንደ ማያያዣ እንዲታይና ከፊደሉ ቁጥር እንዲወጣ ነው። በዚህ ላይ ከተስማማን በኋላ የዓረፍተ ነገራችን አሠራር የሚያግዝ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ አመልካቹ ከሚሠራበት ቃል ቀጥሎ በተፈጥሮው ይቆማል።

እርስዎ በቅኔ ቤት እንደሚያውቁት ተማሪ ሰው የተቀኘውን ሲያደንቅ አይከርምም፤ ገና በጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ሲጀምር የራሱን ይቆጥራል። ፍንጭም እንዲሁ ነው። አንድ ፍንጭ ለመሥራት የሞከረ ሰው አሥር ከፈታው በላይ የአዘጋጆችን ስልት ያውቃል። ተማሪዎችዎን በሳምንት አንድ ፍንጭ ቢያስጽፏቸው፣ ሞክሼውንም መጥበቅና መላላቱንም በራሳቸው ጥያቄ ያነሡታል።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ነው የምጽፈው። ማስታወሻችሁን አንብቤ ሁለት ፍንጮች ሠርቻለሁ። አንደኛው «በሰላም ውስጥ የምትታለብ (2)» የሚል ሲሆን መልሱ ላም ነው። ሁለተኛው «በተራራ ውስጥ ርኅራኄ (2)» የሚል ሲሆን መልሱ ራራ ነው። እባካችሁ ሳታዝኑልኝ ገምግሙልኝ።

መልስ፦ የመጀመሪያው በሚገባ ቆሟል። ሰላም በውስጡ ላም መያዙ ትክክል ነው፤ ዓረፍተ ነገሩም ሳይደናቀፍ ይነበባል፤ ትርፍ ቃልም የለበትም። አንድ ሰው «በእናንተ አገር ግመልም ትታለባለች» ብሎ ቢከራከርዎ፣ ፍቺው ብቻውን መልሱን እንዲወስን አይጠበቅበትም ብለው ይመልሱለት፤ የቃል ጨዋታው ግመልን ስለማያስገባ ጉዳዩ ያልቃል። ስውር ፍንጭ ሁለት መንገድ ያለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ግን መታረም አለበት። «ራራ» ግስ ነው፤ «ርኅራኄ» ስም ነው። ፍቺው በመልሱ ቦታ ሲገባ ዓረፍተ ነገር ማፍረስ የለበትም፤ «ለድሀው ራራ» በሚለው ቦታ «ለድሀው ርኅራኄ» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ፍቺውን ወደ ግስ ይለውጡት፤ «በተራራ ውስጥ አዘነ (2)» ቢሉት ይበቃል። ከዚህም የተሻለ ማድረግ ይችላሉ። ቃሉ በሰንጠረዡ ላይ ቁልቁል የሚጻፍ ከሆነ ፊደላቱ አንዱ ከሌላው በታች ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ ተራራ ከላይ ወደ ታች ሲጻፍ «ራራ» የሚለው በእውነት ከሥሩ ይገኛል። ፍንጩን «ከተራራ ሥር አዘነ (2)» ብለው ከቁልቁል ጥያቄዎች መካከል ያስገቡት፤ በአግድም ግን አያስገቡት፣ በአግድም ሥር የሚባል ቦታ የለምና።